ስለ ጠቢብ እጅ ክብር

በጎንደር ከተማ የሚመላለስ ሰው ሁለት ዓይነት ሕንፃ ያያል። አንደኛው ዐፄ ፋሲል ከተማውን በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሩ በኋላ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ነገሥታት ያሠሩት ግንብ ነው። ሁለተኛው ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በወረራ ሳለ የሠራው፥ በፒያሳ እንዳሉት እንደ ፖስታ ቤቱና እንደ ሲኒማ ቤቱ ያለው፥ ግድግዳው ልሙጥ፥ ጌጡ ጥቂት የሆነ ሕንፃ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን አይቶ ከጌጠኛውና ከልሙጡ የትኛው እንዲበልጥ ይጠይቃል። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የሕንፃ እውነት ከመልኩ ይታወቃልን? ወይስ ለሠሪው ከተሰጠው ክብር? የሚል ነው።

ልሙጥ ግድግዳን የወደደው ትምህርት ከብዙ ምንጭ የወጣ ቢሆንም፥ ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ምንጭ በጀርመን አገር የነበረው ባውሃውስ የተባለው ትምህርት ቤት ነው። ስሙ የግንባታ ቤት ማለት ነው። ዋልተር ግሮፒየስ የሚባል የሕንፃ ሊቅ በቫይማር ከተማ በ1911 ዓ.ም.፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1919፥ ከፈተው። ከዚያ ወደ ደሳው፥ ኋላም ወደ በርሊን ተሰደደ፤ ናዚዎች ስላስጨነቁትም በ1925 ዓ.ም. ተዘጋ። ዕድሜው 14 ዓመት ብቻ ነበር፤ ሆኖም መምህራኑና ተማሮቹ ወደ አሜሪካና ወደ ሌላም አገር ተበትነው ትምህርቱን ስለ ዘሩት፥ ዛሬ ከወንበርና ከመብራት ጀምሮ እስከ ትልልቁ ፎቅ ድረስ አሻራው ያልደረሰበት ከተማ ጥቂት ነው።

ትምህርቱ በሁለት ነገር ይጠቃለላል። ፊተኛው፥ የዕቃና የቤት መልክ ከሚሰጠው አገልግሎትና ከተሠራበት ነገር ይውጣ የሚል ነው። ሁለተኛው፥ በሥዕል ሊቅና በእጅ ሠሪ መካከል የቆመው የትዕቢት ግንብ ይፍረስ የሚል ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሥራ ክፍሉ፥ በሽመናውም፥ በሸክላውም፥ በብረቱም፥ ሁለት መምህራን ይቆሙ ነበር፤ አንዱ ቅርጽን፥ አንዱ የእጅ ሥራን ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዓላማው የታወጀበት ጽሑፍ በፊቱ የታተመበት ሥዕል የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነበር፤ በጥንት ዘመን ግንበኛው፥ ጠራቢውና ሠዓሊው ለአንድ ሕንፃ በአንድነት የሚደክሙበትን ሥርዓት ሊያስታውስ ነው።

ፊተኛው ትምህርት ለቅኔ ቤት ሰው እንግዳ አይደለም። ደቀ መዝሙሩ የቈጠረውን ቅኔ ሲነግር፥ ምጣኔውን ለመሙላት ብቻ የገባ ቃል ቢገኝ መምህሩ ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ምሥጢር የማይሸከም ቃል ቢያምርም ሸክም ነውና። በሕንፃም እንዲሁ ነው። ሆኖም አገልግሎት ማለት የሥጋ አገልግሎት ብቻ ነው የሚል ቢኖር ይሳሳታል። በታላቁ ኢያሱ ዘመን የተመሠረተው የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ ከመቶ የሚበልጡ የመላእክት ገጾች ተሥለውበታል። ዝናም ለመከልከል ሥዕል አያስፈልግም፤ ለጸሎት የቆመውን ሰው ግን ከማን ጋር እንደ ቆመ ያሳስበዋል። ነፍስን የሚያገለግል ጌጥ ትርፍ አይባልም።

ልሙጥነት ብቻውን እውነት እንዳልሆነም ጎንደር ራሷ ትመሰክራለች። የኢጣልያው ጌራርዶ ቦዚዮ የከተማዋን ፕላን ያወጣ ራሽናሊስት ከተባሉት ወገን ነው፤ እነርሱም ከባውሃውስ ጋር በአንድ ዘመን ልሙጡንና ቀጥ ያለውን መልክ የሹ ናቸው። ነገር ግን ፕላኑ ለኢጣልያውያንና ለአገሬው ሰው የተለያየ ሰፈር መደበ። መስመሩ የቀና ነበር፤ ፍርዱ ግን ጠማማ ነበር።

ከዚህም የከበደ ምስክር አለ። ፍሪትስ ኤርትል በባውሃውስ ተማረ፤ በኋላም የኦሽዊትዝን የሞት ሰፈር ፕላን ከነደፉት አንዱ ሆነ። ፍሪድል ዲከር የምትባል ሴትም በዚሁ ትምህርት ቤት ተማረች፤ አይሁዳዊት ስለ ነበረች በቴሬዚን ታስራ ሳለች፥ አብረዋት ለታሰሩ ሕፃናት ሥዕል ታስተምር ነበር፤ በ1937 ዓ.ም. በኦሽዊትዝ ተገደለች። ሁለቱም መስመር ማስመርን የተማሩት ከአንድ ቤት ነው። እንግዲህ ጥበብ ሰውን መውደድን ካልተማረች መልኳ አያጸድቃትም።

ስለዚህ ከዚያ ትምህርት ቤት ለእኛ የሚበጀን ሁለተኛው ትምህርት፥ ይኸውም የእጅ ክብር ነው። በዚህ ነገር ግን እኛ ባለ ዕዳ ነን። በወለቃና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በብረት ሥራ፥ በሸክላና በግንብ የታወቁ ነበሩ፤ በነገሥታቱ ሕንፃ ሥራም ተካፍለዋል። አገሩ ማረሻውን ከእጃቸው ተቀብሎ ያርስ ነበር፤ በማሰሯቸውም ወጡን ይሠራ ነበር፤ እነርሱን ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰው በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። አሁን ከእነርሱ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ማድረግ አይገባውም ነበር። እግዚአብሔር ለደብተራ ኦሪት ሥራ ባስልኤልንና ኤልያብን በስማቸው ጠርቶ ጥበብን ሞላባቸው፤ የሠሩትም በወርቅ፥ በናስ፥ በዕንጨትና በፈትል ነው። ጌታችን የጸራቢ ልጅ ተባለ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን እየሰፋ በእጁ ድካም ይኖር ነበር። የእጅ ሥራን የናቀ እነዚህን ሁሉ ናቀ።

ዛሬ በከተማውም በሰሜን ደጋም ሲሚንቶና መስታወት የሣርና የድንጋይን ቦታ ይወስዳል። ልሙጡን መልክ ተቀብለናል፤ የእጅን ክብር ግን ገና አልተቀበልንም። አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽ ያሠራው ባለጸጋ ስም በድንጋይ ይቀረጻል፤ ድንጋዩን የቀረጸው ጠራቢ ግን ስሙ በየትም አይገኝም። ስለዚህ ካህናትና ምእመናን ሆይ፥ በቅዳሴ ቤቱ ዕለት ግንበኛው፥ አናጢውና ሠዓሊው ከባለጸጋው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጡ፤ ስማቸው በመዝገብ ይጻፍ፥ በጸሎትም ይነሣ። ይህን ለማድረግ ሌላ አዋጅ አያስፈልገንም።