ማዶ ስለ ቀሩት ሰዎች

ያለፉትን ጦርነቶች በገበታ ላይ ዘርግተው የሚጫወቱ ሰዎች አሉ። ጨዋታው ጦር እየተከላከለ ወንዝ የሚሻገርበት በሆነ ጊዜ የተሻገረው ተቈጥሮ አሸናፊው ይታወቃል፤ ማዶ የቀረው ግን ከገበታው ይነሣል። በእውነተኛው ጦርነትስ የቀረውን ሰው እንዲህ ከቍጥር ማውጣት ይገባልን?

በመስከረም ወር 1937 ዓ/ም በሆላንድ አገር በአርንሄም አጠገብ የወረደው፥ ወደ 10,000 የሚሆን የእንግሊዝ አየር ወለድ ጦር ዘጠኝ ቀን ተዋግቶ በጀርመኖች ተጨነቀ። መስከረም 15 ቀን ሌሊት፥ ዝናብ ሲዘንብ፥ የእንግሊዝና የካናዳ መሐንዲሶች 2,400 ያህሉን በጀልባ ራይንን አሻገሩ። ከቍስለኞቹ ግን አንዳንዶቹ ጠላት ማፈግፈጉን እንዳያውቅ እየተኰሱና በራዲዮ እየተነጋገሩ በስፍራቸው ቀሩ።

አዛዡ ሊድን የሚችለውን ለማዳን ሲል ሊሄድ የማይችለውን ተወ። ግድ ሆኖበታልና አይፈረድበትም። ነገር ግን በግድ የተደረገ ሥራ ሁሉ ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። ይህንም ብዙ ሐኪሞችና የጦሩ ቄሶች አስረድተውናል፤ እግራቸው ደኅና ሳለ ከቍስለኞቹ ጋራ ቀርተው ተማርከዋልና።

እንግዲህ የዳነ ሰው ሕይወቱን እንደ ትርፍ ሳይሆን እንደ ብድር ይያዛት። ጀልባው ለሁሉ ባይበቃ አዛዥ ይመርጥ ዘንድ ይገደዳል፤ የቀረውን ይረሳ ዘንድ ግን ማንም አይገደድም።