የሚሰቀልና የማይሰቀል

እኔ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ የቅኔ ቤት ልጅ ነው። ደብረ ኤልያስ በሚገኘው ቤታችን አንዲት ክፍል ለሁለታችን ሥራ ለይተናል። እኔ የተማሪዎቼን ፈተና አርምባታለሁ፤ እሱ የግእዝ መጻሕፍቱን ይመረምርባታል። ክፍሏ በአገራችን ወግ እንድታምር ሁለታችንም ፈለግን። ከዚሁ ፍላጎት ግን ከባድ ጥያቄ ተወለደ፤ ከአባቶቻችን ዕቃ የትኛውን ለዓይናችን ደስታ መስቀል ይገባናል?

ውበት መውደድ ኃጢአት እንዳልሆነ አምናለሁ። በኦሪት ዘፀአት እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ መንፈሱን ሞልቶበታል። ስለዚህ የዋንዛ ጠረጴዛችንን የእንጨቱ መልክ እንዲታይ ያለ ቀለም ስናሠራ፣ በመስኮቱ ሥር መደብ ሠርተን አጎዛ ስናነጥፍበት ልቤ አልከበደኝም። እናቴ የሰፋችው ሰፌድም ግድግዳው ላይ ነው፤ እህል የሚበጠር ዕለት ይወርዳል።

አንድ ወዳጃችን ግን ሥዕል ያለበት የብራና ቅጠል በመስታወት አስገብቶ ስጦታ ሊሰጠን ፈለገ። እኔ እምቢ አልኩ። ያ ቅጠል ከአንድ መጽሐፍ የተገነጠለ ነው። ፍየል ወይም በግ ታርዶ፣ ቆዳው ተወጥሮና ተፍቆ፣ ቀለም ተበጥብጦ፣ ጸሐፊው በመቃ ብዕር ጎንበስ ብሎ የጻፈው እንዲነበብና እንዲጸለይበት ነው። በብዙ ብራናዎች ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል የሚጻፈውም መጽሐፉ ባለቤት ስላለው ነው። ንጉሥ ብልጣሶርን አስባለሁ። በግብዣው ላይ ያቀረባቸውን ንዋያት ከኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፈው እሱ አልነበረም፤ ተዘርፈው ቆዩት። በደሉ ለአምላክ የተለየውን የግብዣው ማድመቂያ ማድረጉ ነው።

ይህን የባዕድ አገር ሰዎች እንኳ በከፊል ተረድተውታል። ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ፤ አብዛኞቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም። ለእኔ ግን አለማሳየት ግማሽ አክብሮት ነው፤ ሙሉው አክብሮት ወደ መቅደሳቸው መመለስ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያከራከረን የባለቤቴ የራሱ ዕቃ ነው፤ የቆሎ ተማሪ ሳለ የያዘው አኩፋዳና የለበሰው ደበሎ። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው እዚህ ተምረዋል። ባለቤቴ ሁለቱንም ከጠረጴዛው በላይ ሊሰቅላቸው ፈለገ። እኔ ግን “ረሃብ እንዴት ጌጥ ይሆናል?” አልኩት። ልጅ ከእናቱ ተለይቶ፣ በውሻ እየተነከሰ፣ በየደጁ ስለ ማርያም ብሎ የለመነበትን ዕቃ ጠግበን ተቀምጠን ማየት ከብዶኝ ነበር።

እሱም “አንቺ የምታዪው ለማኙን ልጅ ነው። እኔ የማየው የሰጡኝን እናቶች ነው። ጉባኤ ቃና መቁጠር የጀመርኩት በእነሱ ቁራሽ ነው” አለኝ።

ይህ መልስ ሐሳቤን አጠራው። አኩፋዳ ለመቅደስ የተለየ ንዋይ አይደለም፤ በቤት ቢኖር ነውር የለበትም። ነገር ግን ሥራ አለው፤ ሥራውም ምጽዋትን መያዝ ነው። ባዶውን ከሰቀልነው የእነዚያን እናቶች ቸርነት ትዝታ ብቻ እናደርገዋለን። ስለዚህ ከበሩ አጠገብ ሰቀልነው፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ አይለየውም፤ ተማሪ ደጃችን ሲቆም ከእሱ እንሰጣለን። ሲለምንበት የኖረ ዛሬ ይመጸውትበታል።

ደበሎው ግን አልተሰቀለም። ፀጉሩ ገና አልተመለጠም፤ በከተማችን ደግሞ ዛሬም በብርድ የሚያጠኑ ልጆች አሉ። ባለቤቴ አራግፎ ለአንድ አዲስ መጪ ሰጠው። ወግን ማክበር ዕቃውን ከማቆየት ይልቅ ዕቃው የተሠራለትን ፍቅር ማስቀጠል ይመስለኛል። የሚለብሰው ልጅ እያለ ደበሎን ግድግዳ ማልበስ፣ ለእኔ፣ ወግ አይደለም።