ቡድኑ ሲታደስ ማን ይከፍላል?

የወደቀ ቡድን እንዴት ይነሣል? ጥያቄው የስፖርት ጋዜጠኞች እንጂ የፍልስፍና ተማሪዎች አይመስልም። እኛም እንደዚያ ይመስለን ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በመኝታ ክፍላችን መብራት ጠፍቶ ሻማ ለኩሰን፣ «አዲስ አመራር የመጣበት ቡድን ነባሮቹን ማባረር መብቱ ነው ወይስ አይደለም?» በሚል ክርክር ገጥመን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ ቆየን። አንደኛው ጓደኛችን «ኳስ እኮ ነው! ምን ሥነ ምግባር ታስገቡበታላችሁ?» አለና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኛ። እኛን ግን እንቅልፍ የነሳን የቆየ ነገር ነበረብን። ይህችን ጽሑፍ የጻፍነውም በዚያ ነገር ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው በአገራችን በብልባላ ነው። ለማታውቋት፣ ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ የላስታ ከተማ ናት። ልጆች ሳለን፣ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲቀር የጨርቅ ኳስ እንጫወት ነበር። ኋላ እውነተኛ ኳስ ተገኘና ቡድን አቋቋምን። ምን ያደርጋል፣ ቡድናችን ሽንፈት የለመደ ሆነ። ላሊበላ ሄደን እንሸነፋለን፤ እንግዶች ሲመጡም በገዛ ሜዳችን እንሸነፋለን። አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም።

በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት አስተማሪ ተመድቦ መጣና ቡድኑን ተረከበ። ጎበዝ ሰው ነበር፤ ይህን አንክድም። ያለ እሱ ኳስ መቀባበል እንኳ ባላወቅን ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሰበሰበንና «ከሥር ነው የምንጀምረው» አለ። ከሥር መጀመር ማለት በረኛውን ማውጣት ሆኖ ተገኘ። በረኛችን በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። ኳሱ ሲቀደድ በወስፌ የሚሰፋው እሱ ነው። የግቡን ቋሚ ከባሕር ዛፍ ቆርጦ የተከለው እሱ ነው። አስተማሪው «ለውጡን የሚደግፍ እጁን ያውጣ» ሲል እጃችንን አወጣን። ሁላችንም። በረኛው እዚያው መካከላችን ተቀምጦ ነበር። ዞር ዞር ብሎ አየንና እሱም እጁን አወጣ።

በዓመቱ አሸነፍን፤ 2 ለ 1። እሱ ከግቡ ጀርባ ቆሞ ወደ ቁልቁለቱ የሚንከባለለውን ኳስ እየሮጠ ያመጣልን ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ከተመልካቹ ጋር አጨበጨበልን። እኛ አዲሱን በረኛ ተሸክመን ከተማውን ዞርን።

እንግዲህ ጥፋታችን ምን ላይ ነው? አዲሱ በረኛ የተሻለ እንደነበር አያጠራጥርም፤ ውጤቱም ምስክር ነው። ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም ስናስበው አንገታችንን የምንደፋው?

የመጀመሪያው መልስ የውጤት መልስ ነው። «ብዙው ሕዝብ ከተደሰተ የአንድ ሰው ቅሬታ ምንድን ነው? የዛሬ ሽንፈት የነገ ድል ዋጋ ነው» ይላል። ይህን መልስ እስከ መጨረሻው ድረስ የሞከረው ቡድን ያለው በአሜሪካ ነው። በዚያ አገር ቤዝቦል የሚሉት በዱላ የሚመታ የኳስ ጨዋታ፣ እግር ኳስ ለእኛ እንደሆነው ያለ ፍቅር አለው። በቴክሳስ የሚገኘው ሂውስተን አስትሮስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2011 ካደረጋቸው 162 ጨዋታዎች 106ቱን ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ባለቤቱም ሥራ አስኪያጁም ተለወጡ። አዲሶቹ ሰዎች ሒሳብ ሠሩ። በዚያን ጊዜ በነበረው የሊጉ ደንብ መሠረት መጨረሻ የወጣ ቡድን በሚቀጥለው ዓመት ከአዳዲሶቹ ወጣቶች መካከል ቀድሞ ይመርጥ ነበር፤ ወደ ታችኛው ሊግ መውረድ የሚባል ጣጣም የለም። እንግዲያው መሐል ላይ ከመንገዋለል መሬት መንካት ይሻላል አሉ። የታወቁትንና ደመወዛቸው የከበደውን ተጫዋቾች ለሌሎች ቡድኖች እየሰጡ በምትካቸው ለጋ ወጣቶችን ተቀበሉ። በ2012 ቡድኑ 107 ጊዜ፣ በ2013 ደግሞ 111 ጊዜ ተሸነፈ። ሦስት ዓመት በተከታታይ የመጀመሪያው ምርጫ የእነሱ ሆነ። በ2017 የሻምፒዮናውን ዋንጫ አነሡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የውጤት መልስ አሸነፈ ባልን ነበር። ግን አላበቃም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 የሊጉ ምርመራ ይፋ ሲሆን፣ ቡድኑ ዋንጫውን ባነሣበት ዓመት የተጋጣሚዎቹን የጣት ምልክት በካሜራ እየሰረቀ፣ የቆሻሻ በርሜል እየደበደበ ለመቺዎቹ ያስታውቅ እንደነበር ታወቀ። ሥራ አስኪያጁና አሰልጣኙ ለአንድ ዓመት ታገዱ፤ ባለቤቱም ወዲያውኑ ከሥራ አስወጣቸው። ቡድኑ 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ሽንፈቱን እንደ ስልት መቀበል ይህን ማጭበርበር ወለደ አንልም፤ አናውቅምና መፍረድ አይገባንም። አንድ ነገር ግን እናያለን። «መጨረሻው ካማረ መንገዱ አይጠየቅም» የሚል ቤት፣ መንገዱ ሲበላሽ የሚመልሰው ቃል አይኖረውም። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ሽንፈት ሲመለከት የኖረው ደጋፊ፣ ብድሩ ተመለሰልኝ ባለ በሦስተኛው ዓመት የተመለሰለት ገንዘብ ሐሰተኛ ሆኖ አገኘው።

ካንት የተባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ ሰውን እንደ መሣሪያ ብቻ አትገልገልበት፣ ራሱን የቻለ ግብ አድርገህ ቁጠረው ሲል ያስተምራል። የእኛ በረኛ ለዓመታት ግብ ጠበቀ እንጂ እንደ ግብ አልተቆጠረም።

«ይህ የባዕድ አገር ወሬ ነው» የሚል ካለ ወደ ራሳችን እንመለስ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ መሪነት፣ አዲስ አበባ ላይ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ ማለትም የዛሬዋን ግብፅ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳለች። ኋላ ግን ብሔራዊ ቡድናችን ወደቀ። እ.ኤ.አ. ከ1982 በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ደጅ ቆመ። በሩን የከፈተው የሰውነት ቢሻው ቡድን ነው። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ሲያልፍ የነበረውን እልልታ የማያስታውስ ማን አለ? ይኸው ቡድን ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ፣ በሰኔ 2005 ዓ.ም. ቦትስዋናንና ደቡብ አፍሪካን በተከታታይ አሸነፈ። ደስታው ሳይበርድ መርዶ ተሰማ። ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ተጫዋች በቦትስዋናው ጨዋታ ላይ ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑ ስሕተቱን አመነ፤ 3 ነጥብ ተቀነሰ። ተጫዋቾቹ ግን የወረቀቱን ስሕተት በእግራቸው ከፈሉ። በጳጉሜን ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፈው ምድቡን በአንደኛነት ጨረሱ። በመጨረሻው ዙር ናይጄሪያ በሁለቱም ጨዋታ አሸንፋ አስቀረችን።

በጥር 2006 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ በሚሳተፉበት የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ አንድ ግብ እንኳ ሳናገባ ተሸነፍን፤ ሰውነትም ተሰናበተ። ከዚያ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ሄደ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። አሰልጣኝ መለወጥ ስሕተት ነው አንልም። ግን ሁልጊዜ የሚለወጠው አንድ ወንበር ብቻ ከሆነ፣ ማደስ ማለት የሚወቀስ ሰው መፈለግ ሆኗል ማለት ነው። ወደ እኛ ቀረብ ያለውን የወልድያን ቡድንም ተመልከቱ። በ2009 ዓ.ም. ለወልድያ ያማረ ትልቅ ስታዲየም ተመረቀላት። በ2010 ዓ.ም. ቡድኗ ከፕሬሚየር ሊግ ወረደ። በአሜሪካ መጨረሻ የወጣ ይሸለማል፤ በእኛ አገር መጨረሻ የወጣ ከቤቱ ይወጣል። «ታገሡ፣ ተሸንፈን እንማር» ለማለት እንኳ ጊዜ የለም። ስለዚህ አዲስ የመጣ ሁሉ ይቸኩላል። ሲቸኩልም እጁ የሚያርፈው ቅርብ በተገኘው ሰው ላይ ነው።

እኛ የላስታ ልጆች ስለ ማነፅ ሁለት ዓይነት ትምህርት በአጠገባችን አለን። ይምርሐነ ክርስቶስ በዋሻ ውስጥ ድንጋይና እንጨት ተነባብሮ የተሠራ ነው። ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ፣ እንዲሁም የላሊበላዎቹ፣ ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። በሚነባበር ሕንፃ የተሳሳተ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ይተካል። በሚፈለፈል ሕንፃ ግን አንዴ የተጠረበ አይመለስም፤ ጠራቢው መሮውን ከማሳረፉ በፊት ማሰብ አለበት። አዲስ አመራር ሁሉ ቡድኑን እንደሚነባበር ካብ ያየዋል፦ አንዱን አውጣ፣ ሌላውን አስገባ። ለቦታው እውነት ነው፤ ለሰውየው ግን አይደለም። ከሰው ላይ የተጠረበ ክብር መልሶ አይለጠፍም።

አሁን ተቃራኒውን ሐሳብ እንስማ፤ ካልሰማን ክርክራችን የአንድ ወገን ይሆናል። «እንግዲያውስ ማንም አይነካ በሉና! ውለታ ያለበት ሁሉ እስኪያረጅ ይሰለፍ! አገራችንን የገደላት ይሄ ይሉኝታ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ትክክል ነው። የግቡ ቦታ የበረኛው ርስት አይደለም። ኳስ ስለሰፋ ብቻ በረኛ ይሁን ብንል፣ የተሻለውን ልጅና ቡድኑን ሁሉ በደልን። በውለታና በዝምድና የተሞላ ወንበር ምን እንደሚመስል ለተማሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ስለዚህ የእኛ ነጥብ «መውጣት አልነበረበትም» የሚል አይደለም። መውጣት ነበረበት።

ጥፋቱ ያለው እንዴት እንደወጣ ላይ ነው። ክርክሩ በተጧጧፈበት በዚያ ሌሊት ከመካከላችን አንዱ ድንገት ዝም አለና «ጎሎቹ የገቡት በማን በኩል ነበር?» ሲል ጠየቀ። ማናችንም አልመለስንም። ተከላካዮቹ እኛ ነበርን። ኳስ ስንነጠቅ ወደ ኋላ የማንመለሰው፣ ሲደክመን ወገባችንን ይዘን የምንቆመው እኛ ነበርን። በረኛው ብቻውን ከሁለትና ከሦስት አጥቂ ጋር ይፋጠጥ ነበር። ያን ቀን እጃችንን ስናወጣ ለቡድኑ ድምፅ የሰጠን መሰለን እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የራሳችንን ስም ከጥፋቱ መዝገብ እየፋቅን ነበር። አስተማሪው ይህን አያውቅም፤ አዲስ ሰው ነው። እኛ እናውቅ ነበር።

ስለዚህ የደረስንበት ሐሳብ ይህ ነው። ቡድን የሚያድስ ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ሦስት ዕዳ አለበት። አንደኛው እውነት ነው፤ የሚወጣው ሰው ለምን እንደሚወጣ፣ የራሱ ጥፋት የቱ፣ የሌላው የቱ እንደሆነ ተለይቶ ይነገረው። ሁለተኛው የኪሣራ ድርሻ ነው፤ የሽንፈቱን ዘመን ተጫዋቹና ደጋፊው ብቻ አይሸከሙት፣ ከላይ ያለውም ይቅርበት። ሦስተኛው የድል ድርሻ ነው፤ ዋንጫው ሲመጣ በክፉው ዘመን የቆሙት ሰዎች በስም ይጠሩ። እነዚህ ዕዳዎች የቡድኑን ማሸነፍ አያዘገዩም። አስተማሪው በረኛውን በዚያችው ሰዓት ሊለውጠው ይችል ነበር፤ እኛም በዚያችው ሰዓት «ጥፋቱ የእኛም ነው» ልንል እንችል ነበር። በ2 ለ 1 እናሸንፍም ነበር። ልዩነቱ በረኛችን ከግቡ ጀርባ ሳይሆን ከእኛ ጋር መቆሙ ብቻ ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ አገራችን ስንመለስ በረኛውን በገበያ ቀን አገኘነው። ገብስ ይዞ ወጥቷል። ሻይ ጠጣን። ወሬ ወሬን አነሣና፣ ከብዙ መተሻሸት በኋላ፣ ያን ቀን ያላልነውን አልነው፦ «ጎሎቹ እኮ የሚገቡት በእኛ በኩል ነበር።»

ብርጭቆውን አስቀመጠና ሳቀ።

«አውቃለሁ» አለ። «ከኋላ ሆኜ የማየው እኔ አይደለሁ እንዴ?»

እጁን ለምን እንዳወጣ ግን አልጠየቅነውም።