ለዕረፍት የተከራዩት ጀልባ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ጥያቄ ለብዙዎቻችን ከኑሯችን የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይኸውም ገንዘብ ያለው ሰው የቅንጦት ጀልባ ከነሠራተኞቹ ተከራይቶ፣ በአንድ ውብ ጠረፍ አጠገብ ሳምንት ሙሉ ሲዝናና ቢሰነብት በደል አለበትን? የሚለው ነው። እኛ ግን ጥያቄው የባለጸጋው ብቻ ነው ብለን አናምንም። ዕረፍት ምንድን ነው? የአንዱ ዕረፍት በማን ድካም ይገኛል? የሚለው ነገር ለሁለት ቀን ላንጋኖ ወርዶ የሚመለሰውንም ሰው ይመለከተዋልና።

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው አንድ የታወቀ ጠረፍ እንውሰድ። በቱርክ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከቦድሩም ተነሥቶ በፈትዬና በካሽ አድርጎ እስከ ደምሬ የሚዘልቅ የባሕር ዳርቻ አለ። ጥድ የለበሰው ተራራ ቁልቁል ወርዶ ባሕሩ ውስጥ ይገባል፤ በየሥርጓጉጡ ነፋስ የማይደርስበት ጸጥ ያለ ውኃ ይገኛል። ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ይህ ስፍራ ባዕድ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ከቆስ ወደ ሩድ፣ ከዚያም ወደ ጳጥራ የተሻገረው በዚሁ ባሕር ነው። እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድም የእስክንድርያውን መርከብ የተሳፈረው በሉቅያ ባለችው በሙራ ነበር። ሙራ ማለት ዛሬ ደምሬ የምትባለው ከተማ ናት፤ በአራተኛው መቶ ዓመት ጳጳሷ ቅዱስ ኒቆላዎስ እንደነበረ እናውቃለን።

በዚህ ጠረፍ የሚከራየው ጀልባ በአብዛኛው ጉሌት የሚሉት ባለ ሁለት ምሰሶ የእንጨት ጀልባ ነው። ቀድሞ የዓሣ አጥማጆችና ከባሕር ወለል ስፖንጅ እየለቀሙ የሚሸጡ ጠላቂዎች መሣሪያ ነበር። ጀቫት ሻኪር የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1925 በጻፈው ጽሑፍ ተፈርዶበት ወደ ቦድሩም ተጋዘ፤ የግዞቱ ዘመን ካበቃ በኋላም አገሩን ወዶ እዚያው ተቀመጠ። ኋላም ከወዳጆቹ ጋር በጠላቂዎች ጀልባ እየተሳፈረ፣ ያገኘውን እየበላና ሰገነቱ ላይ እየተኛ ጠረፉን ይዞር ነበር። ይህንንም «ሰማያዊ ጉዞ» አሉት። ዛሬ ያው ስም በነጋዴዎች ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጀልባው ግን አየር ማቀዝቀዣ ያላቸው መኝታ ቤቶች ተሠርተውለታል፤ ትልልቆቹ ጉሌቶች በሐምሌና በነሐሴ ለአንድ ሳምንት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩሮ ይከፈልባቸዋል። የግዞተኛ መጽናኛ የነበረው ነገር የባለጸጎች መዝናኛ መሆኑ ትንሽ የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ ኃጢአት ነው አንልም።

የዕቅዱን አሠራር ደግሞ እንመልከት። በውሉ ላይ ከኪራዩ ሌላ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለወደብ የሚሆን መያዣ ገንዘብ በቅድሚያ ይጠየቃል። በቅንጦት ጀልባዎች ዘንድ ይህ ከኪራዩ 30 በመቶ ገደማ ይሆናል። በመጨረሻም ለሠራተኞች ከ5 እስከ 15 በመቶ ጉርሻ መስጠት የተለመደ ነው። ተከራዩ ከመሳፈሩ በፊት አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ቁርስ በስንት ሰዓት? ቡናው እንዴት ያለ? የማይስማማ ምግብ አለ ወይ? አበባስ ይፈለጋል? እያለ ይጠይቃል። የየቀኑ ማደሪያ ወደብም አስቀድሞ ይመረጣል። በበጋ ከሰሜን ምዕራብ የሚነሣው ብርቱ ነፋስ ግን ውል አያውቅም፤ «ከፍለናልና ዛሬውኑ ውሰደን» እያለ አዛዡን የሚያስጨንቅ ተከራይ እንዳይኖር ያሰጋል። ከጳውሎስ ጋር የነበሩትም ሰዎች «መልካም ወደብ» የተባለውን ስፍራ ለመክረሚያ አይመችም ብለው የበለጠ የሚመች ፍለጋ ተነሡ። 276 ነፍስ የያዘው መርከብ የተሰበረው ምቾት ፍለጋ ከወጡ በኋላ መሆኑን ልብ እንበል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን በዚህ ነገር ላይ ስንወያይ ቶሎ ብለው «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለድሆች ቢሰጥ ስንቱን ባጠገበ!» ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ደስ ይላል፤ ነገር ግን በወንጌል ውስጥ ስለ ሽቱው ተመሳሳዩን ቃል የተናገረው ይሁዳ መሆኑን አንርሳ። በሌላው ሰው ኪስ ውስጥ ያለውን ገንዘብ መመጽወት ለማንም አይከብድም። ደግሞም ጀልባው ባይከራይ አናጢው፣ ወጥ ሠሪውና መርከበኛው ከየት ይበላሉ? ስለዚህ በገንዘቡ ብዛት ብቻ የምንፈርድ አይደለንም። ይሁን እንጂ የማርያም ሽቱ የፈሰሰው በራሷ ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ ነበር፤ ስለዚህ የቅንጦት ተሟጋቾችም በዚያ ታሪክ መመካት አይችሉም። ያው የሙራው ጳጳስ ኒቆላዎስ ለሦስቱ የድሃ ልጆች ጥሎሽ የሚሆን ወርቅ በሌሊት ተሸሽጎ በመስኮት እንደወረወረ ይተረካል። ደምሬን ሊጎበኝ በጀልባ የሚደርሰው ባለጸጋ በዚያ ያለውን የቅዱሱን ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ይህን ማሰቡ አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደን የሠራተኞቹ ነገር ነው። በጀልባው ላይ ቀድመው የሚነሡ፣ ዘግይተው የሚተኙ እነርሱ ናቸው። መኝታቸው ብዙ ጊዜ በጀልባው አፍንጫ በኩል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንዱ ተከራይ ጠዋት ሲወርድ ሌላው በዚያው ቀን ይሳፈራል፤ ወቅቱም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። በኦሪት ዘዳግም የሰንበት ትእዛዝ ሲሰጥ ባሪያውና ገረዲቱም፣ እንስሳውም ሳይቀር እንደ ጌታው እንዲያርፍ ታዟል፤ ምክንያቱም እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ ነበር። ስለዚህ ዕረፍት በሕጉ ውስጥ አንዱ ተቀምጦ ሌላው የሚቆምበት ነገር አይደለም። ተከራዩ «ነገ ከቀትር በኋላ ማንም አያገልግለን፤ ቀዝቃዛ እራት ይበቃናል» ቢል ምን ይጎዳዋል? ይህን በዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ከሚሰጠው ጉርሻ የበለጠ ነገር የሰጠ ይመስለናል። በእርግጥ ጉርሻውንም አይቀንስ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ከቦድሩም ልሳነ ምድር እስከ ግሪኳ ደሴት እስከ ቆስ ያለው ባሕር በሚቀርበው በኩል አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጀልባ ተከራዩ ይህን ለመዝናናት ይሻገረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ከ850 ሺህ የሚበልጡ ስደተኞች በባሕር ግሪክ ገብተዋል፤ ብዙዎቹ የተሳፈሩት በጎማ ጀልባ ነበር። ነሐሴ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. አንድ ሶርያዊ ሕፃን ከእናቱና ከወንድሙ ጋር ወደ ቆስ ሲሻገር ሰጥሞ፣ ሬሳውን ባሕሩ በቦድሩም አቅራቢያ አሸዋ ላይ ጣለው። ወሩ ጉሌቶቹ በሞላ የሚከራዩበት ወር ነበር። ይህ ነገር ለኛ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ወደ የመን ለመሻገር ሲሉ በባሕር የቀሩ የአገራችን ልጆች ብዙ ናቸውና፣ እናቶቻቸው የት እንደወደቁ እንኳ አላወቁም።

ታዲያ ጀልባ ተከራዩ ምን ያድርግ? ባሕሩን አይርገጥ ብንል የሰጠመውን አያወጣውም። በባሕር ላይ ስለ ሰው ሕይወት ደኅንነት እ.ኤ.አ. በ1974 የተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የመርከብ አዛዥ አደጋ ያገኘው ሰው እንዳለ ከሰማ ፈጥኖ እንዲደርስለት ያዝዛል። አዛዡ ግን የሚያገለግለው ከፋዩን ነው፤ ከፋዩ ፊቱን ቢያጠቁር፣ «ዕረፍታችን ተበላሸ» ቢል፣ ሕጉን ለመፈጸም የሚተጋ ልብ ሊደክም ይችላል።

ጌታችንም ሐዋርያቱ ከአገልግሎት ሲመለሱ ደክመው ስላያቸው ጥቂት እንዲያርፉ በታንኳ ይዟቸው ወደ ብቸኛ ስፍራ ሄዷል። እንግዲህ በውኃ ላይ ተጉዞ ማረፍ ከእርሱ የተገኘ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀድሟቸው ደረሰ፤ ጌታም ከታንኳው ሲወርድ አዘነላቸውና ያስተምራቸው ጀመር፤ ቀኑም በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ መሰ። ለማረፍ መውጣታቸው ስሕተት ነበር ተብሎ አልተጻፈም፤ ዕረፍቱ በመቋረጡ የተቆጣ ሐዋርያም አልተጠቀሰም።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያቅድ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት አዛዡን «ሌሊት የጎማ ጀልባ ተገልብጦ ብናገኝ ምን ያደርጋሉ? እኛስ በምን እንርዳ? ትርፍ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያስ ስንት አለ?» ብሎ ይጠይቅ። ቁርስና አበባ በሚጠይቀው ቅጽ ላይ ለዚህ የተተወ መስመር የለም፤ በኅዳጉ መጻፍ ያስፈልጋል።