ትቀኚበታለሽ?

የወንድሜ ልጅ ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው ቤታችን አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ ውሏል፤ የገባው ሁሉ ታዲያ የሚጠይቃት አንድ ነገር ነው፤ «ምን ነበር የምትማሪው?» «ፈረንሳይኛ» ትላለች። ጥቂት ዝምታ ይሆናል። ከዚያ «እሱስ ጥሩ ነበር… ሥራ ይገኝበታል?» ይመጣል። አክስቶቿ ከምሕንድስና ከሕክምና ጋር ሊያመዛዝኑት ሞክረው ሲያቅታቸው ተጨማሪ ዳቦ ይቆርሱላታል።

አባቴ ግን ስለ ሥራ አልጠየቋትም። በልጅነታቸው ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ዋሸራ ድረስ በእግራቸው ሄደው ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ጥግ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ ትቀኚበታለሽ?» አሏት።

«ምን አሉኝ አባባ?»

«በፈረንሳይኛው። ትቀኚበታለሽ ወይ?»

ሳቀች። የተጻፈውን እንደሚያነቡ፣ እንደሚተነትኑ፣ ፈተና ላይ ደራሲው ምን ማለቱ እንደሆነ እንደሚያብራሩ ነገረቻቸው።

«እንግዲያ ገና ግስ ላይ ነሽ» አሉና ወደ ጠላቸው ተመለሱ።

ቤቱ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ከበዓሉ በኋላም አልለቀቀኝም።

የዘመድ አዝማዱ ጥያቄ መልስ አለው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ ፈረንሳይኛም ከኅብረቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ አስተርጓሚ ይፈለጋል፣ አስጎብኚ ይፈለጋል። ይህን ማንም ይናገረዋል። እኔን የገረመኝ ጎጃም ውስጥ ይህ ጥያቄ መነሣቱ ራሱ ነው። በግእዝ ጤፍ የሸመተ የለም፤ በግእዝ ልጇን ያባበለች እናት የለችም። እንዲያም ሆኖ ይህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ልጆቹን ከወላጅ ጉያ እያወጣ፣ ቁራሽ እያስለመነ፣ ውሻ እያስነከሰ ያንኑ ቋንቋ አስተምሯል። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚሁ ከከተማው አጠገብ ከእንዶዳም ተነሥተው በቅኔ ቤት ያለፉት ገበያ አይተው አይደለም። የማይነገር ቋንቋ መማር ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም ነበር።

የአባቴ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። የሚጠይቀው ቋንቋ «ማወቅ» ማለት የት ላይ እንደሚያበቃ ነው። በቅኔ ቤት ግስ ማውረድ፣ አገባብ መቀጸል፣ የሊቃውንቱን ቅኔ ማዳመጥ ሁሉ መንደርደሪያ ነው። ተማሪው ገና በጠዋቱ፣ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና እንደ ጀመረ፣ ዛፍ ሥር ተጠልሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል። ከተሳሳተ ይታረማል። የትናንቱን ይዞ ቢመጣ፣ ወይም የሌላውን ቢደግም፣ ከስሕተት ይልቅ ያ ያሳፍረዋል። ቅኔ ለዕለቱ ናት። ማንበብና መረዳት ያለ መፍጠር ዕውቀት ተብለው አይቆጠሩም።

ለምን ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ግእዝን በአፍ መፍቻነት የሚያድስ ሕፃን ስለሌለ ነው። እናት የሌለው ቋንቋ በተማሪው እጅ ካልታደሰ በማን ይታደሳል? ይህ ሌላ ነገርም ያመጣል። በግእዝ ፊት ሁሉም እንግዳ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ባለቤት ነው። የየኔታ እናትም እንደ ተማሪው እናት በግእዝ አላናገሯቸውም።

ፈረንሳይኛ ግን ባለቤት አለው። የወንድሜ ልጅ ሰዋስዉ እንከን የሌለው ዐረፍተ ነገር ጽፋ እንኳ የፈረንሳይ ልጅ «እንዲህ አይባልም» ሊላት ይችላል። ይህች «አይባልም» የምትባል ቃል ላይ ትንሽ ልቁም። የባዕድ ቋንቋ ለሚማር ሰው ያልተባለ ነገር ጥፋት ነው። ለቅኔ ተማሪ ያልተባለ ነገር መድረሻው ነው። አንዱ ተማሪ «ያልተባለ አትበል» እየተባለ ያድጋል፣ ሌላው «የተባለ አትበል» እየተባለ። ከሁለቱ የትኛው ነው ቋንቋውን ያወቀ?

አልጄሪያዊው ደራሲ ካቴብ ያሲን ለባለቤትነቱ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው፤ ፈረንሳይኛ የጦር ምርኮ ነው ይል ነበር። ቅኝ ገዥው ይዞት መጣ፣ እኛ ማረክነው ማለቱ ነው። ይህን ሳስብ የእኛው ቃል ትዝ አለኝ፤ ቅኔ «ይዘረፋል»። ሴኔጋላዊው ገጣሚ ሴንጎርም በዚሁ መንገድ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1983 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመርጧል። «አይባልም» ከሚሉት ሰዎች መካከል ተቀመጠ ማለት ነው።

እኛ ግን ከማን እንማርከው? ፈረንሳይኛ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በባቡርና በግብዣ ነው። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 በከፈቱት ትምህርት ቤት ከሚሰጡት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከጂቡቲ የመጣው ሐዲድ ማብቂያ ዛሬም በፈረንሳይኛ ስሙ «ለገሃር» ይባላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት ዘመናዊ ተማረ የሚባለው ሰው አብዛኛው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ እንግሊዝኛ ቦታውን ወሰደው። (የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1950 የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከኩቤክ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ኢየሱሳውያን ናቸው፤ ያስተማሩት ግን በእንግሊዝኛ ነው።) ስለዚህ ፈረንሳይኛ ለእኛ ምርኮም ርስትም አልሆነም። እንግዳ ሆኖ መጣ፣ ተስተናገደ፣ ብዙም ሳንጣላው ሄደ።

ሄደ ልበል እንጂ ሙሉ በሙሉ አልሄደም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳይኛ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ አማርኛው ትርጉም ነው። የጎዛምን ገበሬ በውርስ ወይም በብድር ተካሶ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት ሲቆም፣ የሚነበብለት አንቀጽ መጀመሪያ የታሰበው በዚህ ቋንቋ ነው። አማርኛው ሲያሻማ የሕግ ሰዎች ወደ ፈረንሳይኛው ረቂቅ ያያሉ። ሰምና ወርቅ ማለት ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው!

ደግሞስ ፈረንሳዮቹ ቀድመውን ተማሪ ሆነዋል። አርኖ ዳባዲ የሚባለው ሰው ከወንድሙ ከአንቷን ጋር እ.ኤ.አ. በ1838 ምጽዋ ገባና ብዙውን ጊዜውን ጎጃም፣ በደጃዝማች ጎሹ ቤት አሳለፈ፤ አገርኛውን ተማረ፣ ያየውን በ1868 ማሳተም በጀመረው መጽሐፉ ጻፈ። አንቷን በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። ከእነሱ በኋላ ማርሴል ግሪዮል ወደ ጎጃም መጥቶ፣ ስላየው በ1934 መጽሐፍ አወጣ። የአያቶቻችን ቤት፣ ግብር፣ ዳኝነት፣ ጠብ በእነዚህ ገጾች ላይ አለ። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ግን «ይህ ልክ ነው፣ ይህ ግን የሰማኸውን ሳታጣራ ነው» ብሎ በቋንቋቸው የሚመልስላቸው ስንት ሰው አለ? በአንጻሩ የዘጌው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ለመንገደኛ የሚሆን የንግግር መጽሐፍ በፈረንሳይኛና በአማርኛ አሳትሟል። አፈወርቅን በብዙ ነገር አልወደውም፤ በዚህ ግን ግስ ላይ የቀረ ሰው አልነበረም።

መቀኘት ማለት ግን ሁልጊዜ መናገር ማለት ነው ወይ? ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲቆሙ ፈረንሳይኛ በሚገባ ያውቁ ነበር፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተማሩት ነው። ጉባኤውም የሚሰማው ቋንቋ ነበር። እሳቸው በአማርኛ ተናገሩ። ፈረንሳይኛ የማያውቅ ሰው ቢሆን አማርኛው ግድ ስለሆነበት ማንም ልብ አይለውም። ስለሚያውቁት ግን አለመናገራቸው ራሱ ንግግር ሆነ። አባቴ ይህን ቢሰሙ ከመወድስ ቅኔ ይቆጥሩላቸው እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ዝምታንም ቅኔ የሚያደርገው ቋንቋውን ማወቅ ነው እላለሁ።

የወንድሜ ልጅ ከሄደች ወር ሳይሞላ በስልክ አጭር ጽሑፍ ላከችልኝ። ሁለት መስመር ፈረንሳይኛ ነው። እኔ ቋንቋውን ስለማላውቅ ደወልኩላት።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ዓባይ በረሃ ላይ ስለተበላሸ አውቶቡስ ነው» አለችኝ። «የተማርኩት ላይ የለም። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«ስለ አውቶቡስ ብቻ ነው?»

«አይደለም» አለች፤ ከዚያ በላይ አልጨመረችም።

ማታ ለአባቴ ነገርኳቸው። ስለ ትርጉሙ አልጠየቁኝም።

«ስንት ቤት ነው?»

«ሁለት።»

«ጉባኤ ቃና ደርሳለቻ» አሉ። «ቀጥሎ ዘአምላኪየ ነው፤ ሦስት ቤት። ንገራት።»