ለኤልፒኤን ትምህርት ለምትመዘገቡ

ልጆቼ፣ በሜሪላንድም ሆነ በቨርጂንያ ከአገር ቤት ለመጣ ወጣት ዘመድ ወዳጁ ቶሎ ከሚሰጠው ምክር አንዱ «ነርሲንግ ግባ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። የሚከፋው አብሮት የሚነገረው የትምህርቱ ማጠርና የክፍያው ልክ ብቻ መሆኑ ነው። እርግጥ ሁለቱም እውነት ናቸው። ለሲኤንኤ (ለነርስ ረዳት) የፌዴራል ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ሲሆን፣ የኤልፒኤን (በአርኤን ወይም በሐኪም ሥር የሚሠራ ላይሰንስ ያለው ነርስ) ትምህርት ሙሉ ቀን ለሚማር አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል። የአሜሪካ መንግሥት የሥራ ስታትስቲክስ ቢሮ ለ2024 ባወጣው አኃዝ የሲኤንኤ መካከለኛ ዓመታዊ ደመወዝ 39 ሺህ ተኩል ዶላር ገደማ፣ የኤልፒኤን ከ62 ሺህ በላይ፣ የአርኤን (የሙሉ ነርስ) ደግሞ 93 ሺህ ተኩል ገደማ ነው። ይሁንና በሲኤንኤና በኤልፒኤን መካከል ያለውን ልዩነት በዶላር ብቻ የለካ ሰው ላይሰንሱን ይዞ ሥራ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ይደነግጣል። እኔ እንደሚገባኝ ኤልፒኤን የሚከፈለው በታማሚ ላይ የመጣን ለውጥ ቀድሞ ለማየት፣ ያየውንም በጊዜውና በእውነት ለመናገር ነው፤ መርፌ መውጋቱም ቁስል ማሰሩም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣሉ።

የነርሲንግ ሆም ጠዋትን እንውሰድ፤ ኤልፒኤኖች በብዛት የሚቀጠሩት እንዲህ ባሉ ቤቶች ነውና። አንድ ነርስ ሃያም ሠላሳም አረጋውያን ተረክቦ የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ሰዓት ተቆርጦለታል። ከሩቅ ላየው ሥራው ክኒን ማደል ይመስላል። ነገር ግን ለልብ የሚታዘዘውን ዲጎክሲን ከመስጠቱ በፊት ማዳመጫውን ደረት ላይ አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ የልብ ምት መቁጠር አለበት፤ ለአዋቂ ከ60 በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሳይሰጥ ይቆይና ለሐኪም ይደወላል። ሠላሳ ሰከንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ጊዜ ይቆጥባል፤ ምቱ የሚዛነፍ ልብ ግን በዚያ በትክክል አይለካም። የአልጋ ቁስልም እንዲሁ ነው። የነርሲንግ መማሪያ መጽሐፉ መጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ በጣት ሲጫኑትም አይነጣም ይላል። በጥቁር ሰው ገላ ላይ ግን ያ መቅላት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ ተረከዝና ዳሌ ላይ እጅን አሳርፎ ሙቀቱን፣ መጠጠሩን ወይም መላላቱን ከአካባቢው ቆዳ ጋር ማስተያየት፣ ያማል ወይ ብሎም መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ ደረጃ የተገኘ ቦታ ጫናው ሲነሣለት ሊያገግም ይችላል፤ ያመለጠው እስከ አጥንት ሊዘልቅ ይችላል። ሌላም አለ፦ አዛውንት ላይ የሽንት ኢንፌክሽን ያለ ምንም ትኩሳት በድንገተኛ መደናገር ሊገለጥ ይችላል። ይህን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምታየው ታማሚዋን ያጠበችው ሲኤንኤ ናት። «ሴትዮዋ ዛሬ ልክ አይደሉም» ስትላችሁ ጋሪውን አቁማችሁ ስሟት።

ያዩትን መናገሩ ደግሞ በተለይ ለእኛ ልጆች ይከብዳል። ይሉኝታ አብሮን አድጓል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሐኪም መቀስቀስ፣ አርኤኗን «መጥተሽ እይልኝ» ብሎ ደጋግሞ መጥራት ድፍረት ይመስለናል። ሕጉ ግን ኤልፒኤን በአርኤን ወይም በሐኪም ሥር እንዲሠራ፣ የመጀመሪያው ሙሉ ምርመራም የአርኤን እንዲሆን ያደረገው ያየኸውን ታስተላልፋለህ ብሎ ነው። ዝም ካላችሁ ሥራችሁን አልሠራችሁም። «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚል ይኖራል። ለማንበብና ለመጻፍ በእርግጥ መብቃት አለበት፤ በስልክ ላይ ግን ከአነጋገር ቅላፄ ይልቅ የሚጎዳው የወሬው መዘበራረቅ ነው። ታማሚው ማን እንደሆኑ፣ አሁን ምን እንደተለወጠ፣ የቆየ ሕመማቸው ምን እንደሆነ፣ የደም ግፊትና የትንፋሽ ልኬታቸውን፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ደውሉ።

ስለ እውነተኛ መዝገብ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ሺፍት ሲቀየር ወጪውና ገቢው ነርስ ጎን ለጎን ቆመው የተቆለፉትን የሕመም ማስታገሻዎች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፣ ይፈርማሉ። ደብል ሺፍት ሠርታችሁ እግራችሁ ሲዝል፣ «እኔ ቆጥሬዋለሁ፣ ፈርምልኝ» የሚል ጓደኛ ይመጣል። እንቢ በሉ። በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ የታዘዘላቸውን ሰው ሳያገላብጡ «ተገላብጠዋል» ብሎ መጻፍ፣ ሳይጽፉ ከመቅረት ይብሳል፤ የሚቀጥለው ነርስ ያንን አምኖ ያልፋቸዋልና። ላይሰንሱ በስማችሁ ነው፤ የክልሉ የነርሲንግ ቦርድ ሲጠይቅ ሰው አንሶን ነበር ያለው አሠሪ አጠገባችሁ አይቆምም።

«ታዲያ ለምን በቀጥታ አርኤን አልማርም?» የሚለው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጊዜውም ገንዘቡም ያለው፣ በባዮሎጂና በሒሳብ የማይቸገር ሰው በቀጥታ ቢሄድ እመክረዋለሁ፤ ብዙ ሆስፒታሎችም አርኤን ይመርጣሉ፣ የደመወዙም ልዩነት ከላይ ታይቷል። ግን አገር ቤት የሚጠብቁት አፎች ያሉበት ወጣት ቶሎ በአንድ ሙያ ቆሞ እየሠራ መቀጠሉ ውድቀት አይደለም፤ ከኤልፒኤን ወደ አርኤን የሚያሻግር ትምህርት በብዙ ኮሌጆች አለ። የምፈራው ሥራውን መሸጋገሪያ ብቻ ነው ብሎ የሚንቀውን ነው፤ እዚያ ያለችው ታማሚ የሚንከባከባት ሰው ለሚቀጥለው ዓመት ያለው ዕቅድ አይጠቅማትም። ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ ሆናችሁ የመጣችሁ ደግሞ ከታች ከመጀመራችሁ በፊት ማስረጃችሁን አስገምግሙ። በዲግሪያችሁ ለአርኤን ፈተና መቀመጥ ትችሉ ይሆናል።

ብትወስኑ፣ ቢያንስ ለጥቂት ወራት በሲኤንኤነት ሠርታችሁ ወገባችሁም ሆዳችሁም ይችለው እንደሆነ እዩ። ከዚያ ትምህርት ቤቱን መርምሩ። በክልሉ የነርሲንግ ቦርድ ያልጸደቀ ከሆነ ለላይሰንስ ፈተናው መቀመጣችሁ አጠራጣሪ ነው። ፈተናው በኮምፒውተር ሆኖ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው፣ እስከ አምስት ሰዓት ይሰጣል። ከተመራቂዎቹ ስንቶቹ በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ፣ ተግባራዊ ልምምዱ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ይህን ሳታዩ ቅድሚያ ክፍያ አትክፈሉ።