«ይችላል» ወይስ «አይችልም»?

መታመም ለሐኪም የምርመራ ጉዳይ ነው፤ ለቤተሰብ የልብ ጭንቀት ነው። ለእርዳታ መዝገብ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ሰውየው መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም?

ይህን ጥያቄ ሐብሩን በመሳሰሉ የሰሜን ወሎ ወረዳዎች በየቀበሌው ያስገባው በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ደንቡ ግልጽ ነው። ጉልበት ያለው ድሃ ቤተሰብ እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 የሥራ ቀን ይታሰብበታል። ጉልበት የሌለው ቤት ያለ ሥራ «ቀጥታ ድጋፍ» ያገኛል። ማን በየትኛው መዝገብ ይግባ የሚለውን የሚመርጠው የአካባቢው ሰው ነው፤ ዝርዝሩ በስብሰባ ይነበባል፤ ቅር ያለው አቤት ይላል።

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የጎረቤትን ጓዳ ከጎረቤት የበለጠ ማን ያውቃል? በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ጦርነቱ አካባቢውን ሲያዳርስ እግሩን ያጣን ሰው ማንም አይከራከረውም፤ ዓይን ይመሰክርለታል።

ነገር ግን ግራና ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት አንድ ገበሬ አለ እንበል። ሰኞ ድንጋይ ሲሸከም ይታያል፤ ማክሰኞ ከመደብ አይነሳም። ጎረቤት የሰኞውን አይቷል፤ የማክሰኞውን የምታውቀው ሚስቱ ናት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ሰው ግን በሽታውን ለሐኪም ብቻ ሳይሆን ሊያገባ ልጅ ያለው ሁሉ በተሰበሰበበት መግለጥ ሊኖርበት ነው። እንጀራ በገመና ሲለወጥ ስንቱ ዝም ብሎ መራብን ይመርጣል?

የከተማው ደመወዝተኛ ሌላ መንገድ አለው። በ2003 ዓ.ም. የወጡት የጡረታ አዋጆች 10 ዓመት አገልግሎ በሕመም ከሥራ ለተሰናበተ ሰው የጤና ጉድለት አበል ፈቅደዋል፤ ምስክሩም የሐኪሞች ቦርድ ነው። ገበሬው 30 ዓመት ቢያርስም ያገለገለበት መሥሪያ ቤት የለውም። በ2007 ዓ.ም. የሴፍቲኔቱ አዲስ ምዕራፍ ሲጀመር ነፍሰ ጡሮችና ለጊዜው የታመሙ ሰዎች በጊዜያዊ ድጋፍ እንዲታዩ መደረጉ ግን ደንብም እንደሚማር ያሳያል።

«ታዲያ ዳተኛው ሁሉ ታምሜያለሁ ቢልስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ኮታው የተቆጠረ ስለሆነ አንድ አስመሳይ በገባ ቁጥር አንድ ችግረኛ ይወጣል። ሆኖም ሁለቱን ስሕተቶች በሚዛን እናስቀምጣቸው። አስመሳዩ የሚወስደው እህል ነው፤ እህል ይተካል። በሽተኛው በግዳጅ ድንጋይ ሲሸከም የሚያጣው ግን ላይተካ ይችላል። ስለዚህ ጥርጣሬ በተፈጠረ ጊዜ ሚዛኑ ወደ በሽተኛው ሊያጋድል ይገባል።

ኮታው ቢያልቅስ? እዚህ ላይ ነው የሞራሉ ቁም ነገር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን የመርዳትን ግዴታ የገደበው በአገሪቱ አቅም ነው። ገደቡ የመንግሥት ካዝና ነው እንጂ የሰውየው ጤና አይደለም። በጀት ሲያጥር «ይገባሃል፤ ግን የለንም» ማለት ያሳዝናል፤ ቢሆንም እውነት ነው፤ ሰውየውም ነገ ተመልሶ የሚጠይቀው መብት ይቀርለታል። «ጤነኛ ነህ፤ ትችላለህ» ብሎ መመለስ ግን የካዝናን ጉድለት በሰው ገላ ላይ መጻፍ ነው። ያን ጊዜ ሰውየው እህሉን ብቻ ሳይሆን ሕመሙንም ይነጠቃል።

ድሃ አገር ለሁሉም መስጠት ባይችል አይፈረድበትም። ያልሰጠበትን ምክንያት በእውነተኛ ስሙ ለመጥራት ግን ድህነት አያግደውም።